የመሪ ዘይትና የሞዴል 20 ነገር



ይህች ማስታወሻዬ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ትወጣልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ታላቅ ጉዳይ አይደለም፤ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በጭነት መኪና ውስጥ ስለ ተጨመረ አንድ ሊትር ዘይት ነው። ነገር ግን ያ አንድ ሊትር ሁለት ሰዎችን ከነጭነታቸው ዓባይ በረሃ ሊያስቀር ምንም ያህል አልቀረውም ነበርና ዝም ልል አልቻልሁም።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የኢሱዙ የጭነት መኪና አለው። ነጂው በዚሁ ሥራ ላይ ጠጕራቸው የሸበተ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን መሪው ሲዞር እንደሚያቃስትና ዘይቱ እንደ ጎደለ አመለከቱ። የዕቃ መጠየቂያው ሞዴል 20 ተሞላ፤ የተጻፈበትም «ዘይት፣ 1 ሊትር፣ ለመኪና» የሚል ብቻ ነበር። አለቃው ፈረሙ፤ ግምጃ ቤቱም በሞዴል 22 ወጪ አደረገ። የተሰጠው ግን የፍሬን ዘይት ነበር። ጋሼ በዚያ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ ተልከው ስለ ነበር የጨመረው ረዳታቸው ነው። ልጁ ምን ያድርግ? ዘይት አምጣ ተባለ፤ ዘይት ተሰጠው፤ ዘይት ጨመረ። የወረቀቱ ቍጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ሁሉ የተሟላ ነበር፤ የጎደለው የዘይቱ ስም ብቻ ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልታየም። ከዚያ በኋላ ወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ መሪው ጮኸ፤ ቀጥሎም እንደ ድንጋይ ከበደ። ጋሼ እንደ አንዳንዶቹ ነጂዎች ናፍጣ ለመቈጠብ በፎሌ የሚለቁ ሰው ባለመሆናቸው መኪናው በከባድ ማርሽ ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። ረዳቱም አብሮ መሪውን እየጐተተ በተራራው በኩል አስጠግተው አቆሙት።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልግለጽ። ሞተሩ የሚያዞረው ፖምፓ ዘይቱን በብርቱ ግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይገፋል፤ የነጂውን ክንድ የሚያግዘው ይህ ግፊት ነው። ዘይቱ ካለቀ ወይም ሞተሩ ከጠፋ እገዛው ይቀራል። መሪውና ጎማው በብረት የተያያዙ ስለሆኑ መኪናው ፈጽሞ አይታዘዝም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የተጫነ መኪና በክንድ ብቻ ማዞር ምን ያህል እንደሚከብድ የያዘው ያውቀዋል። ይህን እገዛ ያበጀው ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ የፒርስ አሮው ኩባንያ የጭነት መኪና ክፍል ሠራተኛ የነበረ ሲሆን፣ ሥራውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ክራይስለር በቤት መኪና ላይ ለገበያ ያቀረበው ግን ገና በ1951 ነበር። ባለ ጭነቶች ችግሩን ቀድመው ያውቁት ኖሯል።

የፍሬን ዘይት ከመሪው ዘይት ጋር ባሕርዩ ለየቅል ነው። የመሪው ጎሚኒ ለማዕድን ዘይት የተሠራ በመሆኑ የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል፣ ከዚያም ያፈሳል። በተገላቢጦሹ የመሪ ዘይት ወደ ፍሬን ቢገባ የፍሬኑን ጎሚኒ ያበላሻል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ቀለም አይቶ መለየትም አያስተማምን። የእኛ መኪና መመሪያ የሚያዘው ዴክስሮን የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ሲሆን፣ የፍሬኑ ዕቃ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ይጻፍበታል። ሌላ መኪና ሌላ ሊያዝ ስለሚችል ደብተሩን ማንበብ ነው።

መኪናው ተጐትቶ ጋራዥ ሲደርስ ባለሙያው ፖምፓው ብቻ ይለወጥ አለ። ጋሼ ግን «ልጄ፣ መርዙ በቱቦው ሁሉ ሳለ አዲስ ፖምፓ ብታስገባ ምን ይጠቅመኛል?» ብለው እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ሲከፈት የሳጥኑም ጎሚኒ አብጦ ተገኘ። ጎሚኒውና ቱቦዎቹ ከተለወጡ በኋላ ማጠቡ በፊታችን ተሠራ። የፊቱ እግር በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ ተቀመጠ። ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚመለሰው ቱቦ ተፈትቶ ጫፉ ወደ ባልዲ ገባ፤ ክፍት የቀረው አፍም ተደፈነ። ሞተሩ ሳይነሣ አንዱ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሲያዞር፣ ሌላው ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን አዲስ ዘይት እየጨመረ፣ የሚወጣው ጥሩ እስኪሆን ድረስ ቀጠሉ። ፊልትሮው ተለወጠ፣ ቱቦው ተመለሰ። ከዚያም አየሩ እንዲወጣ ሞተሩ እንደ ጠፋ መሪው ብዙ ጊዜ ተመላለሰ፤ በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ አረፋው እስኪጠፋ ተጠበቀ። መሪውን ዳር አድርሶ ይዞ መቆየት ፖምፓውን ያቃጥላልና ክልክል ነው። አሮጌው ዘይት በጀሪካን ተጠራቀመ፤ ቦይ ውስጥ ለመድፋት የተነሣ ሰው ነበር፣ ጋሼ ገሠጹት።

መሪ ከበደ ማለት ሁልጊዜ ዘይት ነው ማለትም አይደለም። የጎማ ነፋስ ማነስ፣ የላላ ቺንጋ፣ ግራሶ ያጣ መገጣጠሚያ ያከብደዋል። የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ፣ ሞተሩም ጠፍቶ መሪው እየተያዘ የሚዞር ከሆነ ሕመሙ ከፖምፓው ሳይሆን ከብረቱ ሊሆን ይችላል። ማቃሰትና አረፋ ግን የዘይት ማነስ ወይም የአየር መግባት ምልክት ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ቀዳዳ ለመፈለግ ቱቦውን በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠግቶ ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ በእኛ ክፍል ሞዴል 20 ላይ «ዘይት» ብሎ መጻፍ ቀርቷል፤ የዘይቱ ስምና የሚገባበት ቦታ ካልተጻፈ አለቃው አይፈርሙም። ረዳቱም በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «የመሪ ብቻ» ብሎ ጽፎበታል። ግምጃ ቤቱ ግን ሁለቱን ዘይት ዛሬም በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ