የጭላዳ የዘር መጽሐፍ



በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ማሳ ያለው ገበሬ ጭላዳን ሳይረግም የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እኔም በልጅነቴ ገብሱ እሸት በያዘ ጊዜ ማማ ላይ ተቀምጬ በወንጭፍ እጠብቅ ነበር። ያባረርሁት ጭላዳ ገደሉን እንደ ደረጃ ሲወርደው፣ እኔ ግን ጥቂት ሮጬ ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ «ይህ እንስሳ አየሩ በሳሳበት ደጋ እንዴት ይኖራል?» እያልሁ እደነቅ ነበር። መልሱን በከፊል ያገኘሁት ዘንድሮ ስለ ጭላዳ ጂኖም ካነበብሁ በኋላ ነው።

ጂኖም ማለት ምንድን ነው? በሕያው ፍጡር ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል እጅግ ቀጭንና ረጅም ክር አለ። በክሩ ላይ የሰውነቱ አሠራር በአራት ዓይነት «ፊደላት» ተጽፏል። ጠቅላላው ጽሑፍ ጂኖም ሲባል፣ ክሩ የተጠቀለለባቸው ክፍሎች ክሮሞሶም ይባላሉ፤ ሰው 46 አለው።

መሣሪያዎች ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ማንበብ አይችሉም። አይጥ በልዩ ልዩ ስፍራ የቆራረጣቸው ብዙ ዳዊቶች አሉን እንበል። የአንዱን ቁራጭ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እያመሳሰልን ብናያይዝ አንድ ሙሉ ዳዊት እናገኛለን። የሊቃውንቱም ሥራ እንዲሁ ነው፤ የሚያያይዘው ግን ኮምፒዩተር ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ጊዜ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ተባብረው ይሠሩታል። ኦክቶፐስ የሚባለው ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ጂኖሙ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2015 ሲታወቅ፣ የአሜሪካና የጃፓን ሊቃውንት በአንድነት ደክመውበታል። በጭላዳም ሥራ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የአሪዞና ስቴትና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሌሎችም ተባብረዋል። እኛ ተራራውና እንስሳው አለን፤ እነርሱ መሣሪያው አላቸው። በስሜን ተራሮች ጥናቱ ተካሂዶ ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ታተመ።

ምን ተገኘ? የቆላ ሰው ወደ ደጋ ሲወጣ ሰውነቱ በደሙ ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበዛል። ጭላዳ ግን አላበዛም። ይልቁንም ደረቱ ከቆላ ዝንጀሮ ደረት ሰፍቶ ተገኘ፤ ይህም ለሳንባው ስፋት ሳይሰጠው አይቀርም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የስሜን ጭላዳ 44 ክሮሞሶም አለው። ዘራቸው ከመካከለኛው ኢትዮጵያ የሆነ፣ በውጭ አገር መካነ አራዊት የሚኖሩት ግን 42 ብቻ አላቸው። ሁለቱ ወገኖች ቢዋለዱ ልጃቸው 43 ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለው ቁጥር መራባትን ሊያስቸግር እንደሚችል ሊቃውንቱ ይገምታሉ። የሸዋ ጭላዳ የሚቆጠረው ከመካከለኛው ወገን ነው። እንግዲህ «እዚህ ቢያልቅ ከስሜን እናመጣለን» ብለን ልንጽናና አንችልም።

ይህን ለአባቴ ብነግራቸው፣ «መልካም ነው ልጄ፤ የተበላውን ገብሴንስ ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነውና።

ነገር ግን የጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር መሆኑን ማስተዋል ይገባናል። ሣሩን እስከ ገደሉ አፋፍ ስናርስበት ወደ ማሳ ይገባል። የመንዝ አባቶች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱ ነበር፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። እኛም ቢያንስ አፋፉን ለሣር ብንተው፣ ገበሬውም እንስሳውም ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ።

እኔ ወንጭፌን ገና አልጣልሁም። በዕረፍት ወራት ወደ ማማው እመለሳለሁ። ድንጋዩን የምወረውረው ግን ከፊቱ እንዲያርፍ እንጂ ጭላዳውን እንዲመታ አይደለም።