ሐዋሳን በየትኛው ፊደል ጽፌው ነበር?

አሜሪካ ሆነው ወደ ፔይፓል፣ ማለትም በኢንተርኔት ገንዘብ ወደሚላክበት አካውንትዎ፣ ሊገቡ ሲሉ የይለፍ ቃሉ ጠፋብዎት እንበል። ማሽኑ "የተወለዱበት ከተማ?" ይላል። ሐዋሳ ብለው ይጽፋሉ። አይቀበልም።

መልሱን አልረሱትም፤ የረሱት አጻጻፉን ነው። በላቲን ፊደል ሲጽፉት በኤች ጀምረው ነበር ወይስ በኤ? ኤሱ አንድ ነበር ወይስ ሁለት? ኮምፒውተሩ ከተማውን አያውቅም፤ የሚያመሳስለው ፊደል ለፊደል ነው። ያኔ እንዴት ይጽፉት እንደነበር ከድሮ ኢሜይልዎ ይፈልጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው እምቢ ካለ ይተዉት፤ ግምት ሲበዛ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል።

"እናትዎ ከማግባታቸው በፊት የነበራቸው የቤተሰብ ስም" የሚለው ጥያቄ ደግሞ በኛ ልክ የተሰፋ አይደለም። እናቶቻችን ሲያገቡ ስም አይቀይሩም። ያን ጊዜ የሞሉት የእናትዎን የአባት ስም ይሆን ወይስ የራሳቸውን? ሁለቱንም ይሞክሩ።

በራስዎ አይዘኑ። የጉግል ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆኑት የአሜሪካ ተጠቃሚዎች 40 በመቶው በሚያስፈልጋቸው ሰዓት መልሳቸውን ማስታወስ አቅቷቸዋል።

ካልሆነስ? ጥያቄው ብቸኛው በር አይደለም። መግቢያው ገጽ ላይ "የይለፍ ቃል ረሱ?" የሚለውን ተጭነው ኢሜይልዎን ያስገቡ። በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ኮድ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር፣ እንዲላክልዎ ይምረጡ። ቁጥሩን አስገብተው አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣሉ።

ስልክ ቁጥሬን ቀይሬያለሁስ? እንግዲህ ይሄ ነው ከባዱ። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ ቁጥር ከ45 ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ኮዱም ለዚያ ሰው ይደርሳል። ያኔ ለደንበኞች አገልግሎት መደወል ነው። ያስመዘገቡትን አድራሻ፣ የካርድዎን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች፣ በቅርቡ የከፈሉትን ሂሳብ ይዘው ይቅረቡ። የመታወቂያ ፎቶ ሊጠየቁ ይችላሉ። አካውንቱን በአባት ስም ከፍተው መታወቂያዎ ላይ ያለው የአያት ስም ከሆነ፣ ሳይጠይቁዎት ቀድመው ያስረዱ።

ስንት ያስከፍላል? ምንም። የሚሄደው ጊዜዎ ነው። የሚደውሉበትን ቁጥር ግን ከድርጅቱ ከራሱ ገጽ ይውሰዱ፤ ኢንተርኔት ላይ እንዲሁ ፈልገው የሚያገኙት ቁጥር የአጭበርባሪ ሊሆን ይችላል። "የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን አንብብልኝ" ወይም "የደረሰህን ኮድ ንገረኝ" የሚልዎት ካለ ሌባ ነው፤ ይዝጉበት።

ገንዘቤስ? መግባት ስላቃተዎት አይጠፋም። ግን በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለ መቆረጡ አይቀርም፤ የባንክ መግለጫዎን ይመልከቱ። በቃ ሌላ ልክፈት እንዳይሉ ደግሞ፣ አንድ ሰው የሚፈቀድለት አንድ የግል አካውንት ብቻ ነው። በአሮጌው ላይ የተመዘገበውንም ካርድ አዲሱ አይቀበለውም።

ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ስልክዎን ያድሱ፣ ከዚያ ጥያቄዎቹን ይቀይሩ። መልሱ እውነት መሆን የለበትም፤ የሚያጣራ የለም። የትውልድ ከተማዎን "ሽሮ ወጥ" ቢሉት ማንም አይገምተውም። እቤት በሚቀመጥ ደብተር ላይ፣ በአማርኛ ሳይሆን ልክ ባስገቡበት የላቲን ፊደል ይጻፉት።