የ12ኛ ክፍል ውጤት ሥሩ 2ኛ ክፍል ነው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤት በተገለጸ ቁጥር አገር ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ፈተናው ነው፦ ከበደ ወይስ ኩረጃ ስለቀረ ነው? ላላለፉት የሚሰጠው የማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ይጠቅማል ወይስ ጊዜ መግዣ ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የእነዚያ ልጆች ዕጣ የተወሰነው በፈተናው ሳምንት አይደለም፤ ከ10 ዓመት በፊት፣ ማንበብ በተማሩበት ወይም ሳይማሩ ባለፉበት ክፍል ውስጥ ነው።

ማስረጃው ቀድሞም በእጃችን ነበር። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በሲዳማ ቋንቋ በተመዘኑት ዘንድ ይህ ቁጥር 69 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2014 ለፈተና የተቀመጡት ልጆች የዚያው ዘመን የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የዓለም ባንክም ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ደረጃን በሚያጠናቅቁበት ዕድሜ ላይ ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ የሒሳቡ የቃል ጥያቄም የሚገባው በንባብ በር ነው።

የንባብ ጉድለት ጉዳቱ ግን ከፈተና ያልፋል። ትምህርት ለሰው ሕይወት ምን ያደርጋል ሲባል ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚነሣው ገቢ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ገቢን በአማካይ 9 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል ይላሉ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈላጊ በበዛበት አገር ይህ አማካይ ብዙም አያጽናናም፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ከዚህ ይልቅ የጤናው መረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ምንም ያልተማረች ኢትዮጵያዊት በሕይወቷ በአማካይ 5.7 ልጆች ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የዘለቀችው ግን 1.9 ነው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። የምታነብ እናት የክትባቱን ካርድ ቀጠሮ ራሷ ታያለች፤ የሽሮፑን መጠን ጎረቤት አትጠይቅም፤ የቁጠባ ደብተሯ ላይ የተጻፈውን ታውቃለች። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደውም ብትሆን ያው ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ተጓዡ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ የጠየቀው በከንቱ አልነበረም። የፈረመችበትን ውል ማንበብ ያልቻለች ልጅ ደመወዟ ሲቀር የምትጠቅሰው አንቀጽ የላትም።

ንባብን ለማዳረስ መሞከራችን ግን አዲስ አይደለም። የአገራችን የንባብ ታሪክ ረጅም ነው፤ ከቄስ ትምህርት ቤቱ ፊደልና ዳዊት፣ ከመድረሳው ቁርኣን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እስከተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ድረስ። እኔን የሚይዘኝ ግን የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለ እርሱ የምንሰማው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ፍጹም ድል ነበር፣ ወይ የደርግ ፕሮፓጋንዳ። ሁለቱም አይበቁም።

ቀደም ሲል በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው ነበር። የ1971ዱ ግን ስፋቱ ሌላ ነው። ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ የመማሪያ ጣቢያ ሆነ፤ የተማረው እንዲያስተምር፣ ያልተማረው እንዲማር ታወጀ፤ ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። አዛውንቶች ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ፤ በጣት አሻራ ይፈርም የነበረ ሰው ስሙን ጻፈ። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ። ከአብዮቱ በፊት ከ90 በመቶ በላይ የነበረው መሃይምነት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ከሩብ በታች መውረዱን መንግሥት አስታወቀ።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ሩብ እንኳ አልሞላም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? አንዱ መልስ ሪፖርቱ የተጋነነ ነበር የሚል ነው፤ እውነትነት አለው፤ ኮታ በተሰጠው ቀበሌ ውስጥ የምስክር ወረቀት ቁጥርና የአንባቢ ቁጥር አንድ ሊሆን አይችልም። ግን በዚህ ብቻ መዝጋት በደል ነው። ሚሊዮኖች በእርግጥ ፊደል ቆጥረዋል፤ ችሎታው ከዚያ በኋላ ጠፋባቸው። ምክንያቱም ከዘመቻው ማግሥት በቂ የሚነበብ ነገር አልደረሳቸውም። በየገጠሩ የተከፈቱት የንባብ ክፍሎች በወቅቱ በነበረው የእርስ በርስ ጦርነትና በሥርዓት ለውጡ አብዛኞቹ ተዘጉ። በዚያ ላይ የፊደሉ ነገር አለ። ዘመቻው 15ቱንም ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ነበር ያስተማረው፤ ከ1983 በኋላ ኦሮምኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎች በላቲን መጻፍ ጀመሩ። ቋንቋው የሚጻፍበትን ፊደል የመምረጥ መብት የባለቤቶቹ ነው፤ ነገር ግን በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ማንበብ የተማረው አባት የልጁን ደብተር ማንበብ ሳይችል ቀረ፤ ለእርሱ የታሰበለት የመሸጋገሪያ ትምህርትም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመደበኛ ትምህርት መስፋፋት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ በሁለት አሥርተ ዓመታት ከ18 ሚሊዮን አለፈ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ልጃገረዶች በብዛት ወደ ክፍል የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም ልጁ ያንብብም አያንብብም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚዛወርበት አሠራር አብሮ ገባ፤ ጉድለቱም እስከ 12ኛ ክፍል ተሸሽጎ ተጓዘ።

ከዘመቻው ክፍተት ትምህርት የወሰደ ሰው ብጠየቅ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን እጠራለሁ። በነገሌ ቦረና አድጎ፣ ተሰዶ አሜሪካ ከገባ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ክፍል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ። በመደርደሪያው ላይ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ሲያጣ ራሱ አዘጋጀ፤ ከዚያም ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በሐዋሳም አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ልጆች ወዳሉበት ወሰደ። የጎደለው ፊደል ሳይሆን ከፊደል በኋላ የሚነበበው ነገር መሆኑን ተረድቷል። አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት በመዲናችን መሠራቱ ያስደስታል፤ የወረዳው ልጅ የሚያስፈልገው ግን በእግሩ የሚደርስበት አንድ ክፍልና በራሱ ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍት ነው።

ዛሬ በአማራና በሌሎችም አካባቢዎች ያለው ጦርነት ሚሊዮኖችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ሲመለሱ ዕድሜያቸውን አይተን ባቋረጡበት ክፍል ብናስቀምጣቸው ያንኑ ስህተት እንደግማለን፤ መጀመሪያ ማንበባቸው ይመዘን። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ምርጥ መምህሮቻቸውን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ይመድቡ፤ ደመወዛቸውም ይህን ይምሰል። አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ካለህ ወይም ካለሽ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ያነበበውንም በራሱ ቃል እንዲናገር ጠይቁት። ካቃተው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አትጠብቁ፤ ነገውኑ ሄዳችሁ መምህሩን አነጋግሩ።