መንግሥቱ 15 ዓመት፣ አሠራሩ 2000 ዓመት፦ የቻይናው የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት

ዛሬ ወደ ኋላ 2200 ዓመት ገደማ ተመልሰን የአንድ ሰው ታሪክ እናያለን። ቺን ሺ ኋንግ ይባላል። ስሙን ባናውቀው እንኳ ብዙዎቻችን ሥራውን በፎቶ አይተነዋል፤ በረድፍ የቆሙት እነዚያ የሸክላ ወታደሮች የእሱን መቃብር የሚጠብቁ ናቸው። ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ በ10 ዓመት ውስጥ ስድስት መንግሥታትን ያንበረከከ ሰው፣ እሱ በሞተ በ4 ዓመት ውስጥ መንግሥቱ እንዴት ፈረሰ? መንግሥቱ ከፈረሰስ አሠራሩ እንዴት ሁለት ሺህ ዓመት ኖረ?

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የጥንት ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቃት አንዲት ቻይና አልነበረችም። ሰባት መንግሥታት እርስ በርስ ይፋጁ ነበር። በምዕራብ በኩል ያለውን የቺን መንግሥት ሌሎቹ እንደ ኋላ ቀር ነበር የሚያዩት። ነገር ግን ሰውየው ከመወለዱ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሻንግ ያንግ የሚባል ሹም የቺንን አሠራር ከሥሩ ቀይሮት ነበር። ማዕረግ በዘር መሆኑ ቀረና በጦር ሜዳ ውጤት ሆነ። ጎረቤት ለጎረቤቱ ጥፋት ተጠያቂ ሆነ። ሕጉ ጨካኝ ነው፤ ግን ለትልቁም ለትንሹም የተጻፈ ሕግ ነው። ሻንግ ያንግን ራሱን በ338 ገደሉት፤ ሕጉን ግን አልሻሩትም። ይቺን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የወደፊቱ ንጉሠ ነገሥት በ259 የተወለደው አባቱ በመያዣነት በተቀመጠበት በጠላት ከተማ ነው። ስሙ ዪንግ ዠንግ ነበር። በ13 ዓመቱ ዙፋን ላይ ወጣ። ልጅ ስለነበረ አገሩን የሚመራው ሉ ቡዌይ የሚባል፣ ከነጋዴነት ተነሥቶ ትልቅ ሹም የሆነ ሰው ነበር። ዪንግ ዠንግ ሃያዎቹን እንደ ጀመረ የተነሣበትን አመፅ ደመሰሰ፤ ነጋዴውንም አባረረና ሥልጣኑን በእጁ አስገባ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ሐን የሚባለው ጎረቤት መንግሥት የውኃ መሐንዲስ ላከበት። ተልእኮው ቺንን ትልቅ ቦይ በማስቆፈር ጉልበቷንና ገንዘቧን መጨረስ ነበር፤ ለጦርነት አቅም እንዳይኖራት። ሥራው ተጋምሶ ሳለ ሴራው ታወቀ። መሐንዲሱ ግን "አዎ ሰላይ ነበርኩ፤ ቦዩ ሲያልቅ ግን የሚጠቀመው ቺን ነው" አለ ይባላል። ንጉሡም አልገደለውም፣ አስጨረሰው። ደረቁ መሬት ውኃ ጠጣ፣ ጎተራው ሞላ፣ ጦሩም ስንቅ አገኘ። ከዚያ ከ230 እስከ 221 ባለው ጊዜ ስድስቱም መንግሥታት አንድ በአንድ ወደቁ። የመጀመሪያዋ ማን ነበረች? መሐንዲሱን የላከችው ሐን።

በ221 "ንጉሥ" የሚለው ማዕረግ አነሰበትና "የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት" ተባለ። አገሩን በ36 አውራጃ ከፍሎ መሳፍንት ሳይሆን ከማዕከል የሚሾሙና የሚሻሩ ሹሞች አስቀመጠ። ሚዛኑን፣ መስፈሪያውን፣ ገንዘቡንና ፊደሉን አንድ አደረገ። የሠረገላ መንኮራኩሮች ስፋት ሳይቀር አንድ እንዲሆን አዘዘ። ይሄ ለኛ መሪ ጨብጠን ለምንውል ሰዎች ቶሎ ይገባናል። በጭቃ መንገድ መንኮራኩር ጎድጓዳ መስመር ያወጣል። የሠረገላህ ስፋት ከመስመሩ ጋር ካልገጠመ አክሱ ይሰበራል፣ ወይ ድንበር ላይ ዕቃህን አውርደህ ሌላ ሠረገላ ላይ ትጭናለህ። ስፋቱ አንድ ሲሆን እህሉም ነጋዴውም ጦሩም ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

የዚህን ሰው ሌላ ገጽታ ደግሞ እንይ። በ213 ከተፈቀዱት ከሕክምና፣ ከእርሻና ከጥንቆላ መጻሕፍት በቀር በሰው እጅ ያሉት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ያለፈውን ዘመን እያነሣ ያሁኑን የሚተች ሰው ቅጣቱ ሞት ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ከ460 በላይ ምሁራን እንዳስገደለ ተጽፏል። ትልቁ ልጁ ፉሱ "ይሄ ነገር አይበጅም" ቢለው ወደ ሰሜን ድንበር፣ ግንቡን ወደሚያሠራው ጄኔራል ሜንግ ቲያን ዘንድ ሰደደው። (ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ግንብ አብዛኛው ብዙ ቆይቶ በሚንግ ዘመን የተሠራ ነው።) እሱ ራሱ ሞትን እጅግ ይፈራ ስለነበር የማያስሞት መድኃኒት ፍለጋ ሰዎችን በባሕር ላከ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? በ210 በጉዞ ላይ እያለ በ49 ዓመቱ ሞተ። አብረውት የነበሩት ጃንደረባው ጃኦ ጋኦና ዋናው ሹም ሊ ሲ ሞቱን ደበቁ። ምግብ ወደ ሠረገላው ይገባል፣ ትዕዛዝ ይወጣል። ሬሳው መሽተት ሲጀምር የዓሣ ጋሪ አስጠጉበት። ከዚያም በሟቹ ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ ጽፈው ፉሱ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዙ። ጄኔራሉ "ቆይ፣ መጀመሪያ እናጣራ" አለው። ፉሱ ግን የአባት ትዕዛዝ አይጠየቅም ብሎ ራሱን ገደለ። ዙፋኑ ለታናሹ ልጅ ሆነ፤ ሥልጣኑ ግን የጃንደረባው ነበር። ይህ ጃንደረባ አንድ ቀን አጋዘን አስመጥቶ "ፈረስ ነው" አለ። ከሹማምንቱ ገሚሱ ዝም አሉ፣ ገሚሱ "አዎ፣ ፈረስ ነው" አሉ። "አጋዘን ነው" ያሉት ተቀጡ። ቻይናውያን "አጋዘኑን ፈረስ ነው ማለት" የሚለውን አባባል እስካሁን ይጠቀሙበታል።

በ209 ወደ ግዳጅ የሚሄዱ 900 ሰዎች ዝናብ አዘገያቸው። የዘገየ ይገደላል ስለተባለ፣ ሄደንም ሞት ነው አምፀንም ሞት ነው ብለው አመፁ። እሳቱ አገሩን አዳረሰ፤ በ206 የቺን መንግሥት አበቃ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህንን ታሪክ የጻፈልን ሲማ ቺየን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ቺንን በተካው በሐን ሥርወ መንግሥት ቤት የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከመቃብር በወጡ የቀርከሃ ጽሑፎች ላይ ያለው የቺን ሕግ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ተግሣጽና መቀጫ ነው የሚለው፤ ዝናብ ከሆነ ይቅርታም አለው። ስለዚህ ጭካኔው ተጋኖ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አሸናፊው ሊዩ ባንግ የቺን ትንሽ ሹም የነበረ ሰው ነው። ቺንን ሲጥል ከባዱን ሕግ አላላ፤ ፊደሉን፣ አውራጃውንና የሹመት አሠራሩን ግን አልጣለም። ልክ ሻንግ ያንግ ሞቶ ሕጉ እንደቀረው። ለሕዝብ የሚጠቅመው ነገር ጠላትም ቢሆን ይወርሰዋል። በፍርሃት የቆመው ግን ከሚፈራው ሰው ጋር አብሮ ተቀበረ።

በየስብሰባችን "ለአገር የሚያስፈልጋት አንድ ጠንካራ ሰው ነው" የሚል ክርክር አይጠፋም። ቺን ሺ ኋንግን የሚያህል ጠንካራ ሰው ከየት ይመጣል? ግን ትዕዛዝ እንዳይጠየቅ አድርጎ ስለሠራው፣ ማኅተሙ እጁ የገባ ጃንደረባ ልጁን በአንድ ደብዳቤ ገደለበት። "እናጣራ" የሚለውን ቃል ከአገሩ ያጠፋው እሱ ራሱ ነው።

ቸር ይግጠመን።