የሞተር ሳይክል ቸርኬን ከዝገት ማጽዳትና መከላከል

የሞተር ሳይክል ቸርኬ ጎማውን የሚሸከመው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክብ ነው። በብዙ ሞተሮች ቸርኬው መሃል ላይ ካለው ሞዞ ጋር የሚያያዘው ራጂ በሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነው። ቸርኬ፣ ራጂ፣ ካላማዳሪና ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ነው። የዛገ ቸርኬ ብረቱ እስካልተበላ ድረስ በቤትና በገበያ በሚገኙ ርካሽ ነገሮች ሊጸዳ ይችላል።

የዝገት ምክንያት

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ዝገትን ያፋጥናል። በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ለምሳሌ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ዋናው ምክንያት የክረምት ጭቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጠጠርና በአፈር መንገድ ወደ ወገዳ ወይም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለስ ሞተር ራጂው ሥር ጭቃ ይይዛል። ጭቃው እርጥበቱን ለቀናት ስለሚያቆይ ብረቱ አይደርቅም።

የብረት ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ በስስ ኒኬልና ክሮም የተለበጠ ነው። ጠጠር ልባጡን ሲጭረው ውሃ ወደ ብረቱ ይገባል። የአሉሚኒየም ቸርኬ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ግን ያወጣል።

አስቀድሞ መፈተሽ

ጽዳት የተበላ ብረትን አይመልስም። ስለዚህ ቸርኬው ከመጽዳቱ በፊት ይፈተሻል። እያንዳንዱ ራጂ በትንሽ መፍቻ ሲመታ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለበት፤ የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጠው የላላ ወይም የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ቸርኬው በቅርፊት የሚላቀቅ፣ የተሰነጠቀ ወይም ራጂ የሚገባበት ቀዳዳ የሰፋ ከሆነ መለወጥ አለበት። ካላማዳሪ ያለ ግልጽ ምክንያት ደጋግሞ የሚበሳ ከሆነ፣ ጎማው ውስጥ ያለው የቸርኬው ክፍል ዝጎ ሊሆን ስለሚችል በጎሚስታ ተፈትቶ ይታያል።

አጸዳድ

1. ጭቃው በውሃና በሳሙና ይታጠባል። እንዶድ በሚገኝበት ቦታም ፍሬው እንደ ሳሙና ያገለግላል። ግራሶ ካለ በትንሽ ነጭ ጋዝ ይጠረጋል።
2. ቀላል ዝገት ያለበት ክሮም በውሃ በተነከረ የአሉሚኒየም ወረቀት ይታሻል። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ልባጡን ብዙም አይጭረውም።
3. ጠንከር ላለ ዝገት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ የነከረ ጨርቅ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይጠቀለልበትና በብሩሽ ይፈገፈጋል። አሲዱ ዝገቱን ያሟሟል።
4. ቀሪው አሲድ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ተለቃልቆ ወዲያው ይደርቃል። እርጥብ ሆኖ ካደረ ዝገቱ በአንድ ሌሊት ይመለሳል።

አመድ ብረትን ለመፈግፈግ ቢያገለግልም አሉሚኒየምን ሊበላ ስለሚችል ለአሉሚኒየም ቸርኬ አይመከርም።

መከላከያ

ክሮሙ ለተላጠ ቸርኬ ዘላቂው መፍትሔ ቀለም ነው። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ አንቲራስት ይቀባል፣ ሲደርቅ ደግሞ የላይኛው ቀለም ይደረጋል። ቅባት በነካው ብረት ላይ ቀለም አይዝም።

ቀለም ለማይቀባ ቸርኬ ሁለት የአገር ውስጥ ነገሮች ይጠቅማሉ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ የሚጠነክር ስለሆነ ለረጅም ዘመን የፀረ ዝገት ቀለም መሥሪያ ሆኖ ኖሯል። በጣም በስሱ ተቀብቶ ለቀናት እንዲደርቅ ይተዋል። የንብ ሰም ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጥና በጨርቅ ይታሻል። ሰም ስለሚለቅ በክረምት መደጋገም ያስፈልገዋል።

ጥንቃቄ

ዘይት፣ ግራሶም ሆነ ሰም የፍሬን ዲስክ ወይም የፍሬን ሸራ መንካት የለበትም። በጋይንት ቁልቁለቶች ላይ ፍሬን አልይዝ ማለት ነፍስ ያጠፋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይመከርም፤ ጎማን ያበላሻል፣ ለቆዳ ጎጂ ነው፣ ታጥቦ ወደ ወንዝ ሲገባም ውሃ ይበክላል።

የባትሪ አሲድ ዝገትን ቶሎ ቢያስለቅቅም ራጂን ተሰባሪ ሊያደርግና ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። በረኪና ብረትን ያዝገዋል፤ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መነከር አለበት።