ብራያን ክላፍ፦ ተረቱና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ ብራያን ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስትን ሲረከብ ክለቡ በእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 13ኛ ደረጃ ላይ ነበር። አምስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ያው ክለብ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ገድል ተረት መውለዱ አይቀርም። ክፋቱ፣ አንዳንዱ ተረት የሰዎቹን ልፋት ይሸፍናል።

ተረት፦ በተጫዋችነቱ ተራ ነበር።

እውነታ፦ ለብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰልፎ ግብ አለማስቆጠሩ ብዙዎችን አሳስቷል። ለሚድልስብራና ለሰንደርላንድ ግን በ274 የሊግ ጨዋታዎች 251 ግቦች አግብቷል። አብዛኞቹ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የተቆጠሩ ቢሆኑም፣ በየጨዋታው ወደ አንድ ግብ የሚጠጋ አጥቂ በየትኛውም ደረጃ ብርቅ ነው። ከሜዳ ያስወጣውም ጉዳት ነው፤ በ1962 በፈረንጆች ገና ማግሥት ከበሪ ጋር ሲጫወቱ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጋጭቶ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ30 ዓመቱ ሃርትልፑልስን ማሠልጠን ጀመረ።

ተረት፦ ፎረስት የአውሮፓን ዋንጫ በገንዘብ ገዛ።

እውነታ፦ ክላፍ በ1979 ትሬቨር ፍራንሲስን በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ማስፈረሙ፣ ፍራንሲስም በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ ማልሞን የረታችውን ብቸኛ ግብ ማስቆጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን ፎረስት የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነው ፍራንሲስ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1978 ነበር። ለዚያች ግብ ኳሷን ያሻገረው የክንፍ ተጫዋች ጆን ሮበርትሰን፣ እንዲሁም ቪቭ አንደርሰንና ማርቲን ኦኒል ክላፍ ሲመጣ ክለቡ ውስጥ ያገኛቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዙር የዋንጫው ባለቤት ሊቨርፑል ላይ ግብ ያገባው ጋሪ በርትልስ ከትንሹ ሎንግ ኢተን ክለብ በ2,000 ፓውንድ የተገዛ ነው። ከአጥቂነት ወደ ተከላካይነት የተቀየረው ኬኒ በርንስም በ1978 በእግር ኳስ ጸሐፊዎች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በ1980 ማድሪድ ላይ ሃምቡርግን ሲያሸንፉ ፍራንሲስ በጉዳት አልተሰለፈም፤ ግቧ የሮበርትሰን ነበረች።

ተረት፦ ሁሉን ብቻውን ሠራው።

እውነታ፦ የቀድሞው የሚድልስብራ ግብ ጠባቂ ፒተር ቴይለር በሃርትልፑልስ፣ በደርቢ፣ በብራይተንና በፎረስት አብሮት ሠርቷል። ተጫዋች ለይቶ የማወቅ ዓይኑ የታወቀ ነበር። ደርቢ በ1972 ሻምፒዮን የሆነው በሁለቱ እጅ ነው። በ1974 ክላፍ ወደ ሊድስ ሲሄድ ቴይለር ብራይተን ቀረ፤ ክላፍም በ44 ቀን ተሰናበተ። ለስንብቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የሊድስን አጨዋወት ቀድሞ በአደባባይ ሲነቅፍ ኖሯልና ተጫዋቾቹ በክፉ ዓይን ተቀበሉት። ቴይለር በ1976 ፎረስት ሲደርስ ቡድኑ በዓመቱ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ።

ያለ ቴይለር ምንም አልነበረም ማለትም ስሕተት ነው። ቴይለር በ1982 ከሄደ በኋላ ክላፍ በ1989 እና በ1990 የሊግ ካፕ ዋንጫ አንሥቷል። የሊግ ሻምፒዮንነትና የአውሮፓ ዋንጫ ግን ዳግም አላገኘም፤ በ1993 ሥራውን ሲለቅም ፎረስት ወርዶ ነበር።