የጀርመን ባቡር ቲኬት ለእናቶችና ለአባቶች፤ መንገድ ላይ ወርዶ መቀጠል የሚቻለው መቼ ነው?

ልጃቸውን ለማረስ ወይም የልጅ ልጅ ለማየት ጀርመን የሚሄዱ እናቶችና አባቶች በየሰፈራችን አሉ። የሸንገን የጎብኚ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ይህ ጊዜ ግን አንድ ቤት ውስጥ ብቻ አያልፍም። አንዷ ልጅ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ሙኒክ፣ የእህት ልጅ ደግሞ ኑረምበርግ ትሆናለች። ልጆቻችን ሥራ ላይ ናቸው፤ እኛን ይዘው ለመዞር ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ባቡሩን ራሳችን ካላወቅነው፣ ወይ ቤት ተቀምጠን እንመለሳለን፣ ወይ እንደ ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንተላለፋለን።

እኔ ልጄን ለማረስ ፍራንክፈርት በሰነበትኩ ጊዜ ሙኒክ ያለው ወንድ ልጄ ጋ መሄድ ነበረብኝ። በመንገዱ ላይ ኑረምበርግ ታማ ከቤት የማትወጣ አብሮ አደጌ አለች። የልጄ ባል ስልኩን ከፍቶ ርካሽ ቲኬት አገኘና «እማማ፣ ልግዛው?» አለኝ። «ኑረምበርግ ወርጄ ሁለት ቀን አድሬ እንድቀጥል ይፈቅዳል?» አልኩት። «እሱንስ ልየው» አለ። አብረን ቁጭ ብለን አየነው። ያኔ የተረዳሁትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ርካሹ የፈጣን ባቡር ቲኬት የሚሸጥላችሁ አንድ የተወሰነ ባቡር ነው። የክልል ባቡር ቲኬት ግን የሚሸጥላችሁ ጊዜና አካባቢ ነው።

አይሲኢ የሚባለው ፈጣን ባቡር ከፍራንክፈርት ሙኒክ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል። ቀደም ብሎ የሚገዛው የቅናሽ ቲኬቱ «ሽፓርፕራይስ» ይባላል። የሚያገለግለው ቲኬቱ ላይ በተጻፈው ቀን፣ ሰዓትና ባቡር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ወርዳችሁ በሚቀጥለው ፈጣን ባቡር ልሂድ ብትሉ አይሆንም። ይሁን እንጂ ቲኬቱ ሲገዛ መንገድ ላይ የምታርፉበትን ከተማና የምትቆዩበትን ሰዓት ማስገባት ይቻላል፤ እስከ ሁለት ከተማ ድረስ። ይህ ግን ከግዢው በፊት የሚወሰን ነው፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ አይሆንም።

የክልል ባቡሮች ዘገምተኞች ናቸው፤ ፍራንክፈርት ሙኒክ እጥፍ ጊዜ ገደማ ይፈጃል፤ ባቡርም መቀያየር አለ። ነገር ግን ትኬታችሁ በሚሠራበት አካባቢና ጊዜ ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ፣ ደስ ባላችሁ ጣቢያ ወርዳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ በሚቀጥለው መሳፈር ትችላላችሁ። ማንንም አታስፈቅዱም።

ከእነዚህ አንዱ መላ አገሪቱን የሚያዳርሰው ወርኃዊው «ዶይችላንድቲኬት» ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ጀመረ፤ በጥር 2025 ወደ 58፣ በጥር 2026 ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል። በክልል ባቡር፣ በከተማ ባቡር፣ በትራምና በአውቶቡስ ይሠራል። በአይሲኢ ግን አይሠራም። ቲኬቱ በስም ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በየወሩ ራሱን የሚያድስ በመሆኑም፣ ወር በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልተሰረዘ የሚቀጥለውን ወር ሒሳብ ይቆርጣል። ወደ አገር ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ልጆቻችሁ ይህን እንዳይረሱ አስታውሷቸው።

ሌላው የአንድ ቀን የክልል ቲኬት ነው። የባየርን ክልል ቲኬት እስከ አምስት ሰው አብሮ ይሄድበታል፤ ቤተሰብ ሲሆን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዋጋ ይቀንሳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራው በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ድንበሩንም ልብ በሉ፤ ኑረምበርግና ሙኒክ ባየርን ውስጥ ናቸው፣ ፍራንክፈርት ግን ሄሰን በሚባለው ክልል ነው። የባየርኑን ቲኬት ይዞ ከፍራንክፈርት መነሳት ያለ ቲኬት እንደ መሳፈር ነው። ቅጣቱ ደግሞ ከ60 ዩሮ አያንስም።

ሰዓትም እኛን የሚያደናግር ነገር አለው። ቲኬቱ ላይ 14:30 ቢል ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ በየቲኬቱ ጎን በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር።

በመጨረሻ ስሄድ ወርኃዊውን ቲኬት መረጥኩ። ቩርስቡርግ ላይ ወርጄ አረፍ አልኩ፤ ኑረምበርግ ከአብሮ አደጌ ጋር ሁለት ሌሊት አደርኩ። ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ከአልጋዋ ሆና ጭሱን እያሸተተች አወራን። ከሁለት ቀን በኋላ ለመነሳት ስል «አንድ ቀን ጨምሪ» አለችኝ፤ ጨመርኩ። የተወሰነ ባቡር ያለው ቲኬት ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህን ቀን አላገኘውም ነበር።

ስመለስ ግን አይሲኢ ተሳፈርኩ፤ የአውሮፕላኑ ጉዞ ስለ ተቃረበ የሚያስፈልገኝ ፍጥነት ነበር። ቪዛዬ ሊያልቅ ቀናት ስለቀሩት በረራው ከመድረሱ አንድ ቀን ቀድሜ ፍራንክፈርት ገባሁ። ይህን ለሁሉም እመክራለሁ፤ ባቡር ይዘገያል። መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ በቅናሽ ቲኬትም በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀድላችኋል። 60 ደቂቃ ሲሞላ ከዋጋው ሩብ፣ 120 ደቂቃ ሲሞላ ግማሹ ይመለሳል። መንገዱ በሙሉ በአንድ ቲኬት ከተገዛ መብታችሁ ይጠነክራል፤ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ግን አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ባቡር ስትቀይሩ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ለልጆቻችን ይበቃል፣ ለእኛ ጉልበት አይበቃም። ቲኬት ሲፈለግ የመቀየሪያውን ሰዓት ማራዘም ስለሚቻል፣ ግማሽ ሰዓት አድርጉልን በሏቸው። በትልልቅ ጣቢያዎች «ባንሆፍስሚሲዮን» የሚባል፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚያካሂዱት የነጻ እርዳታ ቢሮ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ መንገደኛን ሲረዳ የኖረ ነው። ሻንጣ የከበደውን፣ መንገድ የጠፋውን ያግዛሉ።

ልጆቻችን በፍቅር ርካሹንና ፈጣኑን ይፈልጉልናል፤ ይባረኩ። ከመክፈላቸው በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ይህ ቲኬት በየትኛው ባቡር ይሠራል? እስከ የት ድረስ? መንገድ ላይ ብወርድስ? መልሱን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከነስልክ ቁጥራቸው ከፓስፖርታችሁ ጋር ያኑሩላችሁ።